ያልተፈለገ ኢሜይል ሲደርስ ሊደረጉ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች፦ ለአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ተገልጋዮች

ያልተፈለገ ኢሜይል፣ በተለምዶ ስፓም የሚባለው፣ ተቀባዩ ሳይጠይቅና ፈቃዱን ሳይሰጥ ለብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚሰራጭ መልእክት ነው። አንዳንዱ ሸቀጥ ወይም አገልግሎት የሚያስተዋውቅ ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ ገንዘብ ወይም የግል መረጃ ለመውሰድ ታስቦ የሚላክ ነው። ሁለቱ የሚጠይቁት ጥንቃቄ የተለያየ በመሆኑ ተገልጋዮች ለይተው ሊያውቋቸው ይገባል።

አቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካዎች፣ መጋዘኖችና የቃሊቲ ጉምሩክ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት የሚገኙበት ክፍለ ከተማ ነው። በዚህም ምክንያት ከውጭ አቅራቢዎች ጋር በኢሜይል የሚጻጻፉ አስመጪዎች፣ አምራቾችና የጉምሩክ አስተላላፊዎች ይገኙበታል። ስለ ዕቃ መድረስ ወይም ስለ ክፍያ የሚገልጽ ሐሰተኛ ኢሜይል ከዕለት ሥራቸው ጋር ስለሚመሳሰል በቀላሉ ሊያሳስታቸው ይችላል።

የማስታወቂያ ኢሜይል በሕግ

በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 15 መሠረት፣ ምርት ወይም አገልግሎት ለማስተዋወቅ ወይም ለመሸጥ በማሰብ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የማስታወቂያ ኢሜይል ማሰራጨት ከሦስት ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራትና ከብር 30,000 በማይበልጥ መቀጮ ያስቀጣል። ድርጊቱ ከባድ ሲሆን ቅጣቱ እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራትና እስከ ብር 50,000 መቀጮ ሊደርስ ይችላል። ሆኖም ተቀባዩ አስቀድሞ ፈቃድ ከሰጠ፣ ወይም ማስታወቂያው የላኪውን ትክክለኛ ማንነትና አድራሻ እንዲሁም ተቀባዩ ተመሳሳይ መልእክት እንዳይደርሰው የሚያደርግበትን ቀላል መንገድ ከያዘ አያስቀጣም። ስለዚህ ከሚታወቅ ድርጅት የሚደርስን ማስታወቂያ በመልእክቱ ግርጌ በሚገኘው የማቋረጫ አማራጭ ማስቆም ይቻላል።

የማጭበርበሪያ ኢሜይል ምልክቶች

• በስምዎ የመጣ ዕቃ በጉምሩክ እንደተያዘ በመግለጽ፣ ለማስለቀቂያ የሚሆን ገንዘብ ወደ ግለሰብ ሒሳብ እንዲያስገቡ ይጠይቃል።
• የውጭ አቅራቢዎ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን እንደቀየረና ቀጣዩን ክፍያ ወደ አዲሱ ሒሳብ እንዲልኩ ያሳስባል። አጭበርባሪው የአቅራቢውን የኢሜይል ሣጥን ሰብሮ ገብቶ ከሆነ፣ ይህ መልእክት ከእውነተኛው አድራሻ ሊላክም ይችላል።
• የዲቪ ዕድለኛ መሆንዎን ያበሥራል። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለዲቪ መመረጥን በኢሜይል አያሳውቅም፤ አመልካቹ ውጤቱን የሚያየው በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ብቻ ነው።
• ኢሜይልዎ ወይም የባንክ ሒሳብዎ ዛሬውኑ እንደሚዘጋ በማስፈራራት የይለፍ ቃልዎን ይጠይቃል።

የሁሉም የጋራ ጠባይ ማጣደፍ ነው፤ ተቀባዩ ሳያጣራ እንዲወስን ይገፋፋሉ።

ሊወሰዱ የሚገባቸው እርምጃዎች

1. አጠራጣሪ ኢሜይል ሲደርስዎ ምላሽ አይስጡ፤ ማስፈንጠሪያውን አይጫኑ፤ አባሪ ፋይሉንም አይክፈቱ። በእንዲህ ዓይነቱ መልእክት ላይ ያለውን የማቋረጫ አማራጭም አይጠቀሙ፤ አድራሻዎ በሥራ ላይ እንዳለ ለላኪው ሊያረጋግጥለት ይችላል።

2. የላኪውን ስም ብቻ ሳይሆን ሙሉ የኢሜይል አድራሻውን ያንብቡ። ሐሰተኛ አድራሻ ከእውነተኛው በአንድ ፊደል ብቻ ሊለይ ይችላል።

3. ከክፍያ በፊት በሌላ መንገድ ያረጋግጡ። ለአቅራቢዎ አስቀድሞ በውልዎ ላይ በሰፈረው ስልክ ይደውሉ፤ የጉምሩክ ጉዳይ ከሆነ የቃሊቲ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት በአካል ቀርበው ይጠይቁ። በኢሜይሉ ውስጥ የተሰጠውን ስልክ ለማረጋገጫ አይጠቀሙ፤ የሚመልስልዎት ራሱ አጭበርባሪው ሊሆን ይችላል።

4. የይለፍ ቃል፣ የሚስጥር ቁጥርና በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚደርስ የማረጋገጫ ኮድ ለማንም አይስጡ።

5. መልእክቱን ስፓም ብለው ምልክት ያድርጉበት፤ ይህም የኢሜይል አገልግሎቱ ተመሳሳይ መልእክቶችን እንዲለይ ይረዳዋል። ትክክለኛ ደብዳቤ በስሕተት ወደ ስፓም ማኅደር ሊገባ ስለሚችል፣ ማኅደሩን በየጊዜው ይመልከቱ።

6. ለኢሜይልዎ ከሌሎች የተለየ የይለፍ ቃል ይጠቀሙ፤ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫም ያብሩ።

ገንዘብ ከላኩ ወይም መረጃ ከሰጡ

የተላከ ገንዘብ በአጭር ጊዜ ውስጥ ወጪ ሊሆን ስለሚችል፣ መዘግየት የማስመለስ ዕድልን ያጠብባል። ስለሆነም፦

• ወዲያውኑ ለባንክዎ በመደወል ክፍያው እንዲታገድ ይጠይቁ። ገንዘቡ የተላከው በቴሌብር ከሆነ ወደ 127 ይደውሉ።
• የይለፍ ቃልዎን በሌላ፣ ችግር በሌለበት መሣሪያ ይቀይሩ።
• ኢሜይሉን አያጥፉ። ጂሜይል በስፓም ማኅደር ያለን መልእክት ከ30 ቀናት በኋላ በራሱ ስለሚሰርዝ፣ መልእክቱን ወደ ሌላ ማኅደር ያዛውሩ፤ ከክፍያ ደረሰኙ ጋርም ለማስረጃነት ያስቀምጡ።
• በአቅራቢያዎ ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ ያመልክቱ፤ ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርም በ933 ያሳውቁ።

በማጭበርበር የተጎዳ ሰው በኀፍረት ምክንያት ጉዳዩን መደበቅ አይገባውም። ያው መልእክት ለሌሎችም ሊላክ ስለሚችል፣ በጊዜ የቀረበ ጥቆማ የሌላውንም ተገልጋይ ንብረት ከጉዳት ሊታደግ ይችላል።