ግራጫው ሳጥን እና ባዶው ሳጥን

በ2000ዎቹ ድረ ገጽ የሠራ ሰው ይህችን ጣጣ ሳይቀምስ አላለፈም። ዲዛይነሩ ጥላው ቀስ እያለ የሚደበዝዝ፣ ጠርዙ ለስለስ ያለ አርማ ሠርቶ ያስረክባል። ገጽ ሠሪው አርማውን ሰማያዊ መደብ ላይ ያስቀምጥና በፋየርፎክስ ይከፍተዋል፤ ያምራል። ደንበኛው ቢሮ ያለው ግን ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 ነው። እዚያ ሲከፈት አርማው ግራጫ ሳጥን ውስጥ ተቀርቅሮ ይታያል! ደንበኛው ማንን ይወቅሳል? ማይክሮሶፍትን እንዳትሉን። የሚወቀሰው ከፊቱ የቆመው ልጅ ነው።

እኛ ዛሬ የዚህን ግራጫ ሳጥን ታሪክ ወደኋላ ሄደን ልንቆፍር አስበናል (ዓመቱም ወሩም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ከወዲሁ እንድትይዙልን)። ሳጥኑ የተሠራው በዚያ ልጅ ፋይል ውስጥ አልነበረም። ከዓመታት በፊት በፓተንትና በኩባንያዎች ፉክክር ተጠንስሶ ያደረ ነገር ነው። እሱን ለመደበቅ የተፈለሰፉት መላዎች ደግሞ የራሳቸውን ዕዳ ትተው ሄደዋል፤ ከዕዳውም ለአማርኛ የደረሰው ቀላል አይደለም።

ነገሩ የሚጀምረው በ1987 ነው። ኮምፒዩሰርቭ የተባለው የአሜሪካ የኦንላይን አገልግሎት ኩባንያ፣ በስልክ መስመር እየተንፏቀቀ ለሚመጣ ምስል የሚሆን ቅርጸት ፈለገ። በስቲቭ ዊልሃይት የተመራው ቡድን በዚያው ዓመት በጁን ወር ጂፍን አወጣ። ጂፍ በአንድ ምስል ውስጥ ከ256 በላይ ቀለም አይችልም፤ ለዘመኑ ስክሪን ግን ይኸው ከበቂ በላይ ነበር። ፋይሉን የሚያሳንስለት የመጭመቂያ ስልት ኤልዜድደብልዩ ይባላል፤ ቴሪ ዌልች በ1984 ያሳተመው ነው። ዌልች ይሠራበት የነበረው የስፔሪ ኩባንያ ለስልቱ ፓተንት አውጥቶለት ነበር። ስፔሪ በ1986 ከባሮውስ ጋር ተዋህዶ ዩኒሲስ ሲሆን ፓተንቱም አብሮ ተሻገረ።

ዓለም ይህን ሁሉ ሳይጠይቅ ጂፍን ለሰባት ዓመት እንደ ቧንቧ ውኃ ተጠቀመበት። በዲሴምበር 1994 መጨረሻ፣ ፈረንጆቹ በገናና በአዲስ ዓመት መሃል ሳሉ፣ ጂፍ የሚጠቀም ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች ፈቃድ መግዛት እንዳለባቸው ተነገረ። ቁጣው ለጉድ ነበር። ደግነቱ ከቁጣው ሥራ ወጣ። ሳምንት ገደማ ሲሆነው፣ በጃንዋሪ 1995 መጀመሪያ፣ ቶማስ ቡቴል የአዲስ ቅርጸት ረቂቅ አቀረበ። በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች በኢንተርኔት እየተጻጻፉና እየተከራከሩ አበጠሩት፤ በኦክቶበር 1996 የድር ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብልዩ ስሪ ሲ በይፋ ተቀበለው። ፒኤንጂ እንዲህ ተወለደ።

የፒኤንጂ ትልቁ ስጦታ ነጻነቱ ብቻ አልነበረም። ጂፍ ውስጥ አንዲት ነጥብ ወይ ትታያለች ወይ አትታይም፤ መሃል ቤት የለም። ፒኤንጂ ግን እንደ ነጠላ ነው፤ ሲሳሳ ከኋላው ያለው ይታያል፣ ሲደራረብ ይከለላል። ለዚህ መሳሳትና መወፈር 256 ደረጃ አለው። የአርማው ጥላ ቀስ እያለ ከገጹ ቀለም ጋር እንዲዋሃድ የሚያደርገው ይኸው ነው።

ማይክሮሶፍት ይህን አያውቅም ነበር እንዳንል፣ በማርች 2000 ለማክ ያወጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ፒኤንጂን ከነመሳሳቱ በትክክል ያሳይ ነበር። በኦገስት 2001 ለዊንዶውስ የወጣው 6ኛው ግን አላሳየም። ያው ኩባንያ፣ ያው ስም! የዊንዶውሱ ብራውዘር የመሳሳቱን መረጃ ችላ ብሎ፣ በፋይሉ ውስጥ የመደብ ቀለም ተጽፎ ከሆነ እሱን፣ ካልተጻፈ ደግሞ የራሱን ግራጫ ይቀባል። ሳጥኑ ከዚህ መጣ። ኔትስኬፕ ከተሸነፈ በኋላ ከዓለም የድር ተጠቃሚ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በኤክስፕሎረር ስር ነበር፤ የሚቀጥለው 7ኛው እትም የመጣው በኦክቶበር 2006 ነው። አምስት ዓመት ሙሉ! ተፎካካሪ የሌለው ሰው ቤቱን ለምን ይጠግናል?

ከሁሉ የሚያስገርመን ችሎታው እዚያው ቤት ውስጥ መኖሩ ነው። ከ2000ው 5.5 እትም ጀምሮ "አልፋ ኢሜጅ ሎደር" የሚባል ማጣሪያ ኤክስፕሎረር ውስጥ ነበር፤ በሌላ ብራውዘር የማይሠራ የማይክሮሶፍት የግል መንገድ ነው። በፊት በር የተከለከለው ፒኤንጂ በጓሮ በር ይገባ ነበር ማለት ነው። ባለሙያዎች ይህን ሲደርሱበት መላ ፈጠሩ። አንድ የጃቫስክሪፕት ቁራጭ ገጹን አስሶ ፒኤንጂዎቹን ይለቅማል፤ በቦታቸው ምንም የማይታይባትን፣ ስፋቷም ቁመቷም አንድ ፒክስል የሆነች ምስል ይተካል፤ ከዚያ እውነተኛውን ምስል በማጣሪያው በኩል ከጀርባ ይቀባል። ያቺ ባዶ ምስል ምን ዓይነት ፋይል ነበረች? ጂፍ። ከጂፍ ለመሸሽ የተፈጠረውን ቅርጸት ለማሳየት ጂፍ ያስፈልግ ነበር! (የጂፍ ፓተንት በአሜሪካ ያበቃው በጁን 2003 ነው።)

መላው ደግሞ የራሱን በሽታ ይዞ መጣ። በማጣሪያ የተቀባ መደብ እንደ ንጣፍ መደጋገም አይችልም። በላዩ ያለ ሊንክ በመዳፊት ቢነካም አይሰማም፤ ለሊንኩ በሲኤስኤስ አንጻራዊ አቀማመጥ ሲሰጠው ብቻ ነፍስ ይዘራል፣ ለምን እንደሆነ ደግሞ ብዙው ሰው ሳያውቅ ይገለብጠው ነበር። የምስሉ አድራሻ የሚቆጠረው ከሲኤስኤስ ፋይሉ ሳይሆን ከገጹ ተነስቶ ስለሆነ በመነሻ ገጽ የሚታይ አርማ በውስጥ ገጾች ይጠፋል። ማጣሪያው በበዛ ቁጥር ማስታወሻው ይበላል፤ ምስሉ እስኪወርድም ገጹ ደርቆ ይቆማል። ቀስ ባለ የስልክ መስመር ላይ ይህ ምን ማለት እንደነበር ለአዲስ አበባ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገንም። ብልሆቹ መላውን ትተው በፋይሉ የመደብ ቀለም ላይ የገጹን ቀለም ይጽፉ ነበር። ሳጥኑ አለ፣ ግን አይታይም። እኛ ብንጠየቅ ከመላዎቹ ሁሉ ታማኙ ይሄኛው ነው እንላለን፤ ቢያንስ ሌላ ነገር አያበላሽም።

የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠሩትም ከዚህ አላመለጡም። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ፊልም የሚያጫውት መስኮት ብዙ ጊዜ ምስሉን ራሱ አይስልም ነበር፤ ቦታውን በአንድ ቀለም ቀብቶ ይተዋል፣ የግራፊክስ ካርዱ ፊልሙን በዚያ ቀለም ላይ ይደርባል። ስክሪኑን ፎቶ አንስቶ ማስረጃ ለመያዝ የሞከረ ሰው ጥቁር ሳጥን ያገኝ ነበር። ያንኑ ፎቶ ፔይንት ላይ ሲለጥፈው ደግሞ፣ ፊልሙ ገና እየተጫወተ ከሆነ፣ በሳጥኑ ውስጥ ምስሉ ሲንቀሳቀስ ያያል። መንፈስ ነው ያለ አይፈረድበትም። በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ቪስታ ስክሪኑን በአዲስ መንገድ መገጣጠም ሲጀምር ይህ ትርኢት እየቀረ ሄደ።

ወደ ድሩ እንመለስ፤ ፓተንቱ ገና አልለቀቀንም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲና ኢኦላስ የሚባል ትንሽ ኩባንያ፣ በገጽ ውስጥ ፊልምም ሆነ ሌላ ፕሮግራም ማስገባት የኛ ፈጠራ ነው ብለው ማይክሮሶፍትን ከሰሱ። በኦገስት 2003 የቺካጎ ዳኞች ወደ 521 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱላቸው። ማይክሮሶፍት ገና እየተከራከረ ሳለ ብራውዘሩን ቀየረ፤ ከኤፕሪል 2006 ጀምሮ በገጽ ውስጥ በቀጥታ የተጻፈ ፍላሽ መጀመሪያ አንዴ ካልተጫኑት ለጠቅታ የማይመልስ ሆነ። የገጽ ሠሪው ስልክ ያለማቋረጥ ጮኸ፤ "ያበላሸኸውን አስተካክል!" እሱ ግን አንዲት ፊደል አልነካም። መድኃኒቱ ፍላሹን በገጹ ውስጥ በቀጥታ ከመጻፍ ይልቅ በውጭ ባለ የጃቫስክሪፕት ፋይል ማስገባት ሆነ፤ ለሕግ ሌላ ነገር ነው፣ ለዓይን ያው ነው። ሁለቱ ወገኖች በኦገስት 2007 ታረቁ፣ በኤፕሪል 2008 የግዴታ ጠቅታው ቀረ። በፌብሩዋሪ 2012 ደግሞ ኢኦላስ ሌሎች ኩባንያዎችን በከሰሰበት ችሎት፣ የድር ፈጣሪው ቲም በርነርስ ሊ ቴክሳስ ድረስ ሄዶ መሰከረ፤ ዳኞቹም ፓተንቱን ውድቅ አደረጉት። ለሁለት ዓመት በየገጹ የባከነውን ጠቅታ ግን ማን ይመልስ?

ፍላሽ ራሱ እንግዲህ የመላዎች ሁሉ ንጉሥ ነበር። በ1996 በሌላ ስም ተወልዶ ማክሮሚዲያ ገዛው፣ በ2005 አዶቤ ማክሮሚዲያን ጠቀለለ። ከፍላሽ በፊት አንድ ቪዲዮ ለማሳየት ሪል ፕሌየር ወይስ ኩዊክ ታይም ወይስ ዊንዶውስ ሚዲያ እያሉ መጨነቅ ነበር፤ አንዱ ያለው ሌላው የለውም። ፍላሽ ሁሉም ጋ ስለነበር ጭንቀቱን ገላገለ። በ2005 የተጀመረው ዩቲዩብ የቆመው በሱ ላይ ነው። ጣጣው ግን አልቀረም፤ ፊልሙ ሁልጊዜ ከላይ መሆን ስለሚወድ የገጹ ተዘርጋፊ ምናሌ ስሩ ገብቶ ይቀበር ነበር።

ስቲቭ ጆብስ በኤፕሪል 2010 ባወጣው ግልጽ ደብዳቤ ፍላሽ አይፎን እንደማይገባ አስረግጦ ተናገረ፤ አዶቤ በኖቬምበር 2011 የሞባይሉን ፍላሽ ማልማት አቆመ። ዩቲዩብ በጃንዋሪ 2015 በነባሪነት ወደ ኤችቲኤምኤል 5 ዞረ። በ2020 የመጨረሻ ቀን የፍላሽ ዕድሜ አከተመ፣ ከጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ጀምሮ ማጫወቻው ራሱ አልሠራም አለ። በፍላሽ ብቻ የተሠራ ገጽ ምን ሆነ? ባዶ ቦታ። የኢንተርኔት መዝገብ ቤቱ ኢንተርኔት አርካይቭ በኖቬምበር 2020 አሮጌ የፍላሽ ሥራዎችን በሌላ ፕሮግራም ማስነሳት ባይጀምር ኖሮ ከዚህም የባሰ ይጠፋ ነበር።

አሁን ወደ ባዶው ሳጥን። በዚያው ዘመን አማርኛ በስክሪን ላይ ጽሑፍ ከመሆን ይልቅ ሥዕል ሆኖ መኖሩ ቀሎት ነበር። የድሮ ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ አለው፤ የኛ ፊደል ከነአኃዙና ከነምልክቱ ከ300 ይበልጣል። ስለዚህ ሶፍትዌር ሠሪዎች ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈሉት ወይም ከቁርጥራጭ ገጣጠሙት፤ ሁሉም በየራሱ አሰላለፍ። ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ጽሑፉ የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ሆኖ ይወጣል። ዩኒኮድ በሴፕቴምበር 1999 በወጣው 3.0 እትሙ ለግዕዝ ፊደል 345 ቦታ ሰጠው፤ በወረቀት ደረጃ ችግሩ አለቀ። በዊንዶውስ ኤክስፒ ውስጥ ግን ፊደሉን የሚያሳይ ፎንት አብሮ ስላልመጣ አንባቢው በየፊደሉ ምትክ ባዶ ሳጥን ያያል። "ፎንቱን አውርዳችሁ ጫኑ" የሚል ማሳሰቢያ በየገጹ አናት የነበረው ለዚህ ነው፤ በኢንተርኔት ካፌ የተቀመጠ ሰው ግን የማን ኮምፒውተር ላይ ይጭናል? ፎንትን ከገጹ ጋር መላክም ቢሆን በ1997 ኤክስፕሎረር በራሱ መንገድ፣ ኔትስኬፕ በሌላ መንገድ ጀምረውት ሳይስማሙ ቀርተዋል።

ስለዚህ ብዙ የአማርኛ ገጾች ያው የታወቀውን መላ መቱ፤ ርዕሱን፣ ግጥሙን፣ አንዳንዴ ሙሉ ጽሑፉን በፎቶሾፕ ጽፎ ጂፍ አድርጎ መለጠፍ፣ ወይም ጋዜጣውን እንዳለ ስካን አድርጎ በፒዲኤፍ መጫን። የዘመኑን ሰዎች አንፈርድባቸውም፤ አንባቢ ጋ የሚደርስ ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። ኒያላ የተባለው ፎንት ከቪስታ ጋር በ2007 መጣ፣ በየገጹ ፎንት ማያያዝ በኋላ ደረጃ ወጥቶለት ቀለለ፣ ጉግልም "ኖቶ" የሚባሉትን ፎንቶች አወጣ። (ስሙ ከ"ቶፉ አይኑር" የመጣ ነው፤ ባዶውን ሳጥን ፈረንጆቹ በእስያ የአኩሪ አተር ምግብ ስም ቶፉ ብለው ይጠሩታል።) ዛሬ ባዶ ሳጥን ማየት ብርቅ እየሆነ ነው።

በሥዕል የተጻፈው ግን አሁንም ሥዕል ነው። ኮምፒውተር የሚያየው ነጥብ እንጂ "ሰላም" የሚል ቃል አይደለም፤ በፍለጋ አይገኝም፣ ለማየት ለተሳነው ሰው አይነበብለትም። ገጹ ሲዘጋ ደግሞ በኢንተርኔት አርካይቭ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚተርፈው በዙሪያው ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሲሆን ምስሉ ይጎድላል፤ ከአማርኛው የሚቀረው የተሰበረ ምስል ምልክት ብቻ ነው። በድሮ ፎንት የተተየበው የተሻለ ዕድል አለው፤ አሰላለፉ ከታወቀ ፊደል በፊደል ወደ ዩኒኮድ ይመለሳል። ከእናንተ መካከል ያን ጊዜ ገጽ ሲሠራ የነበረና ጂፍ ከመደረጉ በፊት የነበረው ኦሪጅናል ፋይል በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ወይም ሲዲ ያለው ካለ፣ ሲዲው ሳይበላሽ ይክፈተው፤ የፎንቱን ስም አብሮ ይጻፍ፤ ያለ ፎንቱ ስም ፋይሉን መፍታት ግምት ነው።