ከለገሃር እስከ ምኒልክ ግቢ፦ የአንድ ታክሲ ታሪክ

ለገሃር ላይ ቆማችሁ «ቤተ መንግሥት በየት ነው?» ብትሉ፣ መልሱ «የትኛው?» ነው። ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ወደ አራት ኪሎ የሚወጣ ሰው በሁለት ቤተ መንግሥት አጥር ሥር ያልፋልና።

በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር ለገሃር ላይ ፌርማታ አለው። ሐዲዱ ግን ወደ ቤተ መንግሥቶቹ አይወጣም። ስለዚህ እስከ ስታዲየም በእግር እንሂድና «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» ከሚለው ረዳት ጋር እንሳፈር።

ታክሲው እስኪሞላ ስለ ጣቢያው እናውራ። «ለገሃር» የሚለው ስም የመጣው ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ነው፤ ጣቢያው ማለት ነው። ዐፄ ምኒልክ የባቡሩን ሥራ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቀዱ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፣ ከዚያ ለዓመታት ቆመ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ንጉሡ ግን ታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ግቢያቸው ውስጥ አርፈዋል። ይህን ሁሉ ጣጣ የጀመሩት ሰው ባቡሩ ከተማቸው ሲገባ አላዩም። ዛሬ የምናየው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው ደግሞ ከዚያም በኋላ፣ በ1922 ዓ.ም. ነው።

ሞላ፣ ሄድን። መስቀል አደባባይን አልፈን ዳቱን ስንጀምር የመንገዱ ስም ራሱ ዳግማዊ ምኒልክ ጎዳና ነው። መጀመሪያ የምናገኘው የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት፣ የአሁኑ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሠራው ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ 25ኛ የንግሥ በዓል ነው። ከፊት ለፊቱ አፍሪካ አዳራሽ አለ፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው እዚያ ነው።

እዚህ ጋ መስኮቱን ከፈት አድርጉ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዚህ ግቢ የወጡት በትንሽ ቮልስዋገን ነው። ሮልስ ሮይስ የለመዱ ሰው ከእኛ ሚኒባስ ባነሰች መኪና ተጭነው፣ እኛ አሁን የወጣነውን ዳገት ቁልቁል ወርደው ወደ 4ኛ ክፍለ ጦር ተወሰዱ። ከስምንት ዓመት... አይደለም፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ገደማ ብቻ ቀደም ብሎ የአፍሪካ መሪዎችን የተቀበሉበት መንገድ ነበር።

ታክሲው ሂልተንን አልፎ ይወጣል። ቀጥሎ የሚመጣው ረጅም አጥር የምኒልክ ግቢ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በኋላ በእስር የቆዩትም፣ ነሐሴ 1967 ዓ.ም. ሕይወታቸው ያለፈውም እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ያንኑ መንገድ ወርደውም ወጥተውም፣ ሁለቱንም እንደ እስረኛ። ከግቢው አጠገብ ባለው በበዓታ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ባቡሩን ያልጠበቁት ዐፄ ምኒልክ አርፈዋል።

የኛ ትውልድ ይህን አጥር የሚያውቀው ከታክሲ መስኮት ነው። ዘበኛ አለ፣ መቆም የለም፣ ፎቶ ማንሳት የለም። ስንቱ ሰው ሥራና ትምህርት ቤት ሲመላለስ በየቀኑ ያልፈዋል፣ ውስጡን ግን አያውቀውም። በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ሲከፈት ግን የግቢው አንድ ክፍል ትኬት ለቆረጠ ሁሉ ክፍት ሆነ። ዙፋን የነበረበትን አዳራሽ በታክሲ መጥቶ ማየት፣ ለአያቶቻችን የማይታሰብ ነገር ነበር።

ባቡሩም አሁን ለገሃር አይገባም፤ የጅቡቲው አዲስ መስመር መነሻው ከመሀል ከተማ ርቆ ነው። ጣቢያው ባቡሩን አጣ፣ ግቢውም ንጉሡን አጣ። በመሃላቸው ሳይቋረጥ የቀረው ይህ የሕዝብ ታክሲ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ በዚያ ስታልፉ ስልካችሁን ለአፍታ አስቀምጡና፣ አጥሩ ሲያልቅ «ወራጅ አለ!» በሉ።