የአንድ አገር ብቻ የሆነ ፍጥረትና ጠባቂዎቹ፤ የመንዝ ጓሳ ታሪክ

ከእንስሳት መካከል አንዳንዶቹ ምድርን ሁሉ ቤታቸው አድርገው ይኖራሉ። የቤት አይጥ መርከብን እየተከተለች ከወደብ ወደ ወደብ ተሻግራ፥ ሰው በደረሰበት ሁሉ ደርሳለች። ሌሎቹ ግን ከአንድ አገር፥ አንዳንድ ጊዜም ከአንድ ተራራ በቀር ማደሪያ የላቸውም። ኢትዮጵያ እንዲህ ያሉ ፍጥረታት በብዛት ከሚገኙባቸው አገሮች አንዷ ናት። ዋልያ ከስሜን ተራሮች በቀር በሌላ ስፍራ በዱር አይኖርም። ቀይ ቀበሮ፥ ጭላዳ ዝንጀሮና የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በዱር አይታዩም። ከዕፀዋትም ወገን፥ ብዙ ዓመት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞተው የደጋው ጅብራና አበባው እንደ ፍም የሚቀላው ኮርች የዚህችው አገር ብቻ ናቸው።

እንዲህ ያለው ሀብት ክብርም ነው፥ ዕዳም ነው። አንበሳ ከአንድ አገር ቢጠፋ ከሌላው አገር አምጥቶ ለመተካት ይቻል ይሆናል። ዋልያ ከስሜን ገደል ከጠፋ ግን ለአንድ አውራጃ ብቻ ሳይሆን ለዓለሙ ሁሉ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ የእነዚህ ፍጥረታት ታሪክ ከጎናቸው ከሚኖረው ሕዝብ ታሪክ ተለይቶ ሊነገር አይችልም።

እነዚህ ፍጥረታት በዚህ አገር ብቻ የተወሰኑበት ምክንያት ከምድሩ አቀማመጥ የመጣ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ፥ ዙሪያውን በሞቃት ቆላ የተከበበ በመሆኑ፥ በባሕር መካከል እንዳለ ደሴት ይመስላል። የስምጥ ሸለቆም ይህንኑ ደጋ ለሁለት ከፍሎታል። የቀይ ቀበሮና የዋልያ ጥንተ ዘመዶች፥ የዓለሙ አየር ቀዝቃዛ በነበረበት ዘመን፥ ከእስያ ወገን መጥተው በዚህ ደጋ እንደ ሰፈሩ የሥነ ፍጥረት ሊቃውንት ይገልጻሉ። አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ከወገኖቻቸው ተቆርጠው ቀሩ፤ በብርድና በሣር ምድር ላይ መኖርን ለመዱ፤ በጊዜ ብዛትም ራሳቸውን የቻሉ ዘሮች ሆኑ።

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፥ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው። ስለ እነዚህ እንስሳት በሳይንስ መዝገብ መጻፍ የተጀመረው በ1830ዎቹ ነው። የፍራንክፈርት ተወላጅ የነበረው ኤድዋርድ ሩፔል በዚያን ጊዜ ወደ ስሜንና ወደ ጎንደር ተጉዞ ሲመለስ፥ ዋልያንና ጭላዳን በ1835 ለአውሮፓ ሊቃውንት አስታወቀ። የሳይንስ ስማቸውንም ከአገሩ ሰው አንደበት የሰማውን ይዞ አወጣላቸው። ለቀይ ቀበሮ ደግሞ የስሜንን ስም ሰጠው። የደጋ አጋዘን ግን፥ ምንም እንኳ በቁመቱና በቀንዱ ግዙፍ እንስሳ ቢሆን፥ በለንደን ሊቃውንት መዝገብ የገባው ገና በ1910 ነው። የባሌና የአርሲ ባላገር ግን ከዚያ እጅግ አስቀድሞ ያውቀው ነበር። በ1969 ዓ.ም. በወጣው የ10 ሳንቲም ገንዘብ ላይም ምስሉ ተቀርጾበታል።

ማወቅና መጠበቅ ግን እኩል አልሄዱም። በጠላት ወረራ ዘመን፥ ከ1936 እስከ 1941 ባለው ጊዜ፥ ጠመንጃ በየስፍራው በመብዛቱ የዋልያ ቁጥር ፈጽሞ ተመናመነ። በ1944 የዱር አራዊትን አደን የሚወስን አዋጅ ቢወጣም፥ አዋጁ የስሜን ገደል ድረስ ወጥቶ ጠባቂ ሊሆን አልቻለም። በ1963 ጁሊያን ሐክስሊ የተገኘበት የዩኔስኮ ልዑካን ቡድን ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ስለ ተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ምክሩን አቀረበ። በእነዚያ ዓመታት የዋልያ ቁጥር 150 ገደማ ብቻ እንደሚሆን ይገመት ነበር። የስሜን ተራሮች በ1969 ብሔራዊ ፓርክ ተባሉ፤ በ1978ም በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፉ። ይሁን እንጂ እርሻውና ግጦሹ ወደ ላይ እየወጣ፥ እንስሳቱም እየሸሹ በመሄዳቸው፥ ስፍራው በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተራ ገባ። ከዚህ መዝገብ የወጣው ከ21 ዓመት በኋላ፥ በ2017 ነው። ከዚያም አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ2016፥ በፓርኩ ውስጥ ይኖር የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ ቀዬውን ለቆ ወደ ደባርቅ ሄዷል። የጥበቃው ዋጋ የተከፈለው በመንግሥት ገንዘብ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ከስሜን ወደ ደቡብ፥ በሰሜን ሸዋ፥ በመንዝ ምድር ያለው ታሪክ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ከመሐል ሜዳ ከተማ አጠገብ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፥ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ የሣር ምድር አለ። ስሙም በላዩ በሚበቅለው ሣር ጓሳ ይባላል። የመንዝ ሰው በጓሳ ሣር ቤቱን ይከድናል፤ ገመድ ይገምድበታል፤ ከብርድና ከዝናብ የሚከልለውን ገሳ ይሠራበታል። በድርቅ ዓመት ለከብቱ የመጨረሻ መሸሸጊያ የሚሆነውም ይኸው ስፍራ ነው።

የአገሩ አፈ ታሪክ እንደሚነግረው፥ ይህን ምድር መጀመሪያ ያቀኑት አባቶች አስቦና ጌራ ይባሉ ነበር። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ዘሮቻቸው ጓሳን በጋራ ይዘው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠበቁት። ሥርዓቱም እንዲህ ነበር። ሕዝቡ ከየወገኑ አለቃ ይመርጣል። አለቆቹ ጓሳውን ሦስት ዓመትም ሆነ አምስት ዓመት፥ ሣሩ እስኪጎለምስ ድረስ፥ ይዘጉታል። በተዘጋበት ዘመን ማጨድም ማሰማራትም ክልክል ነው፤ አባወራዎችም በተራ እየወጡ ይጠብቃሉ፤ ሕጉን የተላለፈ ብርቱ ቅጣት ይጠብቀዋል። ሣሩ በደረሰ ጊዜ የሚከፈትበት ቀን ሕዝብ በተሰበሰበበት በቤተ ክርስቲያን ይነገራል። በዚያን ቀን ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል፤ ከአጨዳው በኋላ ከብት ይገባል፤ ከዚያም ጓሳው እንደገና ይዘጋል።

ይህን ሕግ የሠሩት ሰዎች ስለ ቀይ ቀበሮ አስበው እንዳልሠሩት ግልጽ ነው። ያሰቡት ስለ ቤታቸው ክዳንና ስለ ከብታቸው ነው። ነገር ግን ሣሩ ሲጠበቅ በሥሩ የሚኖሩት የደጋ አይጦች ይበዛሉ፤ ቀይ ቀበሮም ኑሮው በእነዚያ አይጦች ነውና አብሮ ይጠበቃል። ጭላዳም ከዝንጀሮ ወገን ሁሉ ተለይቶ ዋና ምግቡ ሣር በመሆኑ፥ ከዚሁ ሕግ ድርሻውን አገኘ። በዓለም ሁሉ አዋቂዎቹ ከ500 እንደሚያንሱ የሚገመተው ቀይ ቀበሮ፥ እስከ ዛሬ ከሚኖርባቸው ጥቂት ስፍራዎች አንዱ ጓሳ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ታሪክ ጸሐፊ ግን የሥርዓቱን ጉድለት ሊሸሽግ አይገባውም። በጓሳ መብት የነበራቸው የሁለቱ አባቶች ዘር የሆኑ ባለርስቶች ነበሩ። ርስት የሌለው ጎረቤት ግን ሣሩን በዓይኑ እያየ፥ ማጭዱን ሊያነሣበት አይችልም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ሥርዓት በሻረ ጊዜ ቄሮም አብሮ ተሻረ። ያልነበረው መብት አገኘ፤ ነገር ግን ጠባቂው ስለ ጠፋ ሣሩ ያለ ጊዜው መታጨድና መጋጥ ጀመረ። ለብዙ ትውልድ የተጠበቀው ሀብት በጥቂት ዓመታት እንዴት ሊጎዳ እንደሚችል የአካባቢው ሰው በዓይኑ አየ።

ስለዚህም የመንዝ ሽማግሌዎችና ገበሬዎች ተመካክረው የቀድሞውን ሥርዓት በአዲስ መልክ አቆሙት። በአዲሱ ደንብ መብቱ በዘር ቆጠራ መሆኑ ቀርቶ በነዋሪነት ሆነ፤ ጠባቂዎቹም ከየቀበሌው የሚመረጡ ሆኑ። ከ2000 ዓ.ም. በኋላም የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ አድርጎ በሕግ አወቀው። አባቶች የሠሩት መልካሙ ነገር ሳይጣል፥ የበደሉበት ነገር ታረመ ማለት ነው።

አደጋው ግን ገና አላለፈም። በ2003 በባሌ ተራሮች ከመንደር ውሾች የተነሣ የእብደት በሽታ በቀይ ቀበሮዎች መካከል ገብቶ፥ ባንድ ሸለቆ ከነበሩት አብዛኞቹን ፈጅቷል። በሽታው ከዚያ እንዳያልፍ የረዳው ለቀሩት ቀበሮዎች የተሰጠው ክትባት ነው። በዚህ ጊዜ አንዱ እረኛ ውሻውን ማስከተቡ ወይም አለማስከተቡ፥ በዓለም ሌላ ስፍራ ለማይገኝ እንስሳ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆኖ ተገኘ።

የስሜንና የመንዝ ታሪክ ጎን ለጎን ሲነበብ ትምህርቱ ግልጽ ይሆናል። አዋጅ ያስፈልጋል፤ የሊቃውንትም መዝገብ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ከሁለቱ አስቀድሞ የነበረውና ብዙ ዘመን የቆየው የገበሬው ቃል ኪዳን ነው። ያ ቃል ኪዳን የጸናው ጠባቂው ራሱ ከሚጠብቀው ነገር ተጠቃሚ ስለ ነበረ ነው፤ የተናጋውም አንዱ ጎረቤት ከጥቅሙ ውጭ ስለ ቀረ ነው።

በደጋ ትምህርት ቤቶች በወንበር ላይ የሚቀመጡት ልጆች ከትምህርት በኋላ እረኞች ናቸው። ዋልያና ቀይ ቀበሮ በሥዕል መጽሐፍ ከመሣላቸው በፊት እነርሱ በዓይናቸው አይተዋቸዋል። መምህሩ ለእነዚህ ልጆች የሚጨምርላቸው ነገር አንድ ነው፤ ይህም ያዩት እንስሳ በሌላ በየትኛውም አገር እንደማይታይ፥ አያቶቻቸውም ሳያውቁት እንኳ እንደ ጠበቁት ማስረዳት ነው። ይህን የተረዳ ልጅ ውሻውን ለማስከተብና የተዘጋውን ሣር ላለመንካት የሌላ ሰው ግሣጼ አያስፈልገውም።