አባዜ፦ ስም ያጣ ሕመም ታሪክ

በአማርኛችን «አባዜ» የምትባል ቃል አለች። የመጠጥ አባዜ፣ የወሬ አባዜ፣ የመታጠብ አባዜ እንላለን። ቃሏን አንዳንዴ በሣቅ፣ አንዳንዴ በወቀሳ እንናገራታለን፤ በሐዘን ግን እምብዛም አንናገራትም። እኔ ዛሬ ስለዚህች ቃል ለመጻፍ የተነሣሁት ከኋላዋ አንድ እውነተኛ ሕመም ተሸሽጎ ስለሚኖር ነው። የሕመሙ የፈውስ ፍለጋ ታሪክም እኛን የምዕራብ ሸዋ ሰዎችን ሳይነካ አላለፈም። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንዱ እጁን ይታጠባል። እጁ ንጹሕ መሆኑን ያውቃል፤ ልቡ ግን አላመነለትም፤ ደግሞ ይታጠባል፤ ቆዳው እስኪላጥ ይታጠባል። ሌላው በሩን ቆልፎ ይወጣል፤ ከመንገድ ተመልሶ ቁልፉን ይነካል፤ ይህንኑ አሥር ጊዜ ይደጋግማል። ሌላዋ ለጸሎት በቆመች ቁጥር የማትፈልገው ክፉ ሐሳብ ይመጣባታል፤ ጸሎቷን ከመጀመሪያው ትደግመዋለች፤ የንስሐ አባቷ ትናንት የፈቷትን ኃጢአት ዛሬም ይዛ ትመጣለች። ሐኪሞች ይህን ሕመም «ኦብሰሲቭ ኮምፐልሲቭ ዲስኦርደር» ይሉታል። ከመቶ ሰዎች ከአንድ እስከ ሦስት የሚሆኑት በዕድሜያቸው ውስጥ ያገኛቸዋል። የሕመሙ ጭካኔ ታማሚው አብዛኛውን ጊዜ ሐሳቡ ከንቱ መሆኑን ማወቁ ላይ ነው። ስለሚያውቅ ያፍራል፤ ስለሚያፍር ይደብቃል።

የእስልምና ሊቃውንት ለዚህ ሥቃይ ቀድመው ስም ሰጥተውታል፤ «ወስዋስ» ይሉታል። በ934 ያረፈው ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ ሥጋና ስለ ነፍስ ጤና በጻፈው መጽሐፍ፣ የሚመላለስ አስጨናቂ ሐሳብን ከሐዘንና ከፍርሃት ለይቶ ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ ገልጾታል። አውሮፓውያን ሐኪሞች ወደዚህ ማስተዋል የደረሱት ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። አምቦ ቀድሞ «ሀገረ ሕይወት» ትባል ነበር። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣላትም፤ ፍል ውኃዋ ሕመምተኛን ከሩቅ ይጠራ ነበር፤ የማዕድን ውኃዋም ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ በመላው አገሪቱ ተጠጥቷል። በእኛ ዘንድ ውኃ መድኃኒት ነው። ሥጋም ነፍስም የሚታጠበው በውኃ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ሌላውን የሚፈውሰው ውኃ ለዚያ እጁን ደጋግሞ ለሚታጠበው ሰው ሰንሰለቱ ነው። ሕመሙ በመድኃኒታችን ልብስ ተሸፍኖ ስለሚመጣ ለማየት ያስቸግራል። የሚታጠበውን «ንጹሕ ሰው» እንለዋለን፤ ጸሎት የምትደግመውን «መንፈሳዊት» እንላታለን።

የአእምሮና የመንፈስ ጭንቀት ሲበረታ ግን የምዕራብ ሸዋ ሰው የሚሄድበት ደጅ አላጣም። ስዊድናዊው አጥኚ ካርል ኤሪክ ክኑትሶን በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ በመጫ ኦሮሞ ዘንድ የነበረውን የቃሉ ሥርዓት ዘግቧል፤ ሰው ችግሩን ይዞ ወደ ቃሉ ደጅ ይሄድ ነበር። ዛሬ የደቡብ ምዕራብ ሸዋ ከተማ በሆነችው ወሊሶ፣ ያኔ ጊዮን ትባል በነበረችው፣ አባ ወልደ ትንሣኤ የተባሉ ካህን በጠበልና በጸሎት ሕሙማንን ይፈውሱ ነበር። ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊል ከባልደረቦቹ ጋር ይህን አጥንቶ በ1968 ጽሑፍ አሳትሟል። ሐኪሙ ወደ ካህኑ ደጅ የሄደው ለማጥናት እንጂ ለመሳለቅ አልነበረም።

እነዚህን ደጆች አልንቅም። ብቸኛ የነበረውን ሕመምተኛ በሰው መካከል አቁመውታል። ነገር ግን መንፈስ የያዘው ሰው ይጮኻል፣ ይወድቃል፣ ይለፈልፋል፤ ሰውም ያየዋል። በዝምታ የሚታጠበው ሰው ግን አይጮኽም። ያልጮኸን ማን ወደ ፈዋሽ ደጅ ይወስደዋል?

የዘመናዊው ሕክምና ደጅም ለረጅም ጊዜ ጠባብ ነበር። በጣልያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ሐኪሞችን በአእምሮ ሕክምና እዚሁ አገር ውስጥ አስፔሻላይዝ ማድረግ የተጀመረው በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ደጁ ሲጠብ ቀድሞ የሚገባው ቤተሰቡ አስሮ ያመጣው ሰው ነው፤ ዝምተኛው ወረፋም አይዝም።

በሌላው ዓለም ደግሞ ችኩልነት ሌላ ጥፋት አድርሷል። በ1935 ፖርቱጋላዊው ኤጋስ ሞኒዝ የአንጎልን የፊት ክፍል ነርቮች በመቁረጥ የአእምሮ ሕመምን ማከም ጀመረ፤ በ1949 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አንጎላቸው ተቆረጠ፤ ብዙዎቹ ጭንቀታቸው ቢበርድም ማንነታቸው አብሮ በረደ። የተቆረጠው ደግሞ አይቀጠልም።

ከዚያ በኋላ ትዕግሥት ያለበት መንገድ ተገኘ። በ1966 ቪክቶር ማየር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በለንደን አንድ ቀላል የሚመስል ነገር ሞከረ፤ ሕመምተኛው የሚፈራውን ነገር እንዲነካ፣ ነክቶም ሳይታጠብ እንዲቆይ አብሮት ቆየ። ጭንቀቱ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያም በራሱ ጊዜ ወረደ። በዚያው አሥርት ዓመት ክሎሚፕራሚን የተባለው መድኃኒት ለዚህ ሕመም እንደሚረዳ ታወቀ፤ በኋላም ፍሉኦክሰቲንን የመሰሉ መድኃኒቶች ተጨመሩ። ብዙው ሕመምተኛ በእነዚህ ይሻለዋል።

ለማይሻለው ጥቂት ሰው የመጨረሻው ደጅ ተከፈተ። ፈረንሳዊው አሊም ሉዊ ቤናቢድ በ1987 የሰውነት መንቀጥቀጥን ለማከም ቀጭን ሽቦ በአንጎል ውስጥ ተክሎ በማያቋርጥ የኤሌክትሪክ ምት ማከም ጀምሮ ነበር። በ1999 ቤልጂየማዊው ባርት ኑቲንና ባልደረቦቹ ይህንኑ ዘዴ በአራት የአባዜ ሕሙማን ላይ ሞክረው ሦስቱ እንደተሻላቸው ጻፉ። የራስ ቅሉ በትንሹ ይበሳል፤ ሽቦው ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ከጥልቁ ክፍል ጋር ወደሚነጋገርበት መስመር ይወርዳል፤ ከደረት ቆዳ ሥር የተቀበረ ባትሪ ምቱን ይልካል። «አልጨረስህም፣ ድገም» እያለ የሚዞረው የአንጎል መልእክት በዚህ ምት ይለዝባል። በ2009 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መሣሪያውን ሌላ ሕክምና ላልረዳቸው ሕሙማን በተለየ ፈቃድ አጸደቀው። ከሚታከሙት ከግማሽ የሚበልጡት ትርጉም ያለው መሻሻል ያገኛሉ። የደም መፍሰስና የኢንፌክሽን አደጋ አለው፤ ባትሪውና የምቱ መጠንም የዕድሜ ልክ ክትትል ይፈልጋሉ። ሆኖም ከሞኒዝ ቢላዋ የሚለየው ትልቅ ነገር አለ፤ ምቱ ሊስተካከልም ሊጠፋም ይችላል።

እኔን ከዚህ ታሪክ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ሽቦው ሳይሆን የደጆቹ ቅደም ተከተል ነው። ሐኪሞቹ ሽቦውን የሚያነሡት ሕመሙ ስም ካገኘ፣ አብሮ የሚቆይ ባለሙያ ከተሞከረ፣ መድኃኒቱም በቂ ጊዜ ከተሰጠው በኋላ ነው። ለጉደር ወይም ለጌዶ ልጅ ዛሬ የሚያስፈልገው የመጨረሻው ደጅ አይደለም፤ የመጀመሪያው ነው። የመጀመሪያው ደጅ ደግሞ ከብረት የተሠራ አይደለም፤ ቃል ነው። የንስሐ አባቱ ተመላልሶ የሚመጣውን ኃጢአት ሰምተው «ልጄ፣ ይህስ ኃጢአት አይደለም፤ ሕመም ነው፤ ወደ ሐኪምም ሂድ» ቢሉት ደጁ ተከፈተ። እናቱ የተላጠውን እጁን ይዛ ያለ ቁጣ ብትጠይቀው ተከፈተ።

እኛ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ነን፤ ሀብታችን ቃል ነው። አንጎልን መብሳት አንችልም፤ «አባዜ» የምትለዋን ቃል ከሣቅና ከወቀሳ አውጥተን ወደ ርኅራኄ መመለስ ግን የእኛ ሥራ ነው። ከአሁን በኋላ ስንናገራት፣ ከሰሚዎቻችን መካከል አንዱ እጁን ከጋቢው ሥር ደብቆ የተቀመጠ ሊሆን እንደሚችል እናስብ።

ቸር እንሰንብት።