ጥናቱ በእንግሊዝኛ፣ ግጥሙ በአማርኛ

ስለ ቀድሞው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲወራ ሁላችንም የምናውቀው አንድ ሥዕል አለ። ጎፈሬውን ያበጠረ ወጣት ጡጫውን ጨብጦ በስድስት ኪሎ አስፋልት ላይ ይሮጣል፤ ከኋላው ፖሊስ፣ በአፉ «መሬት ላራሹ!»። ሥዕሉ ውሸት አይደለም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ያ መፈክር በእርግጥ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ተሰምቷል። ግን ያው ተማሪ ከሰልፉ በፊትና ከሰልፉ በኋላ ምን ሲሠራ ይውል ነበር? ዓመቱን ሙሉ ሲሮጥ አልኖረም እኮ! ይጽፍ ነበር፤ ይጠይቅ ነበር፤ ይገጥም ነበር። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናየው የፈለግነው ይኼን ሌላውን ፊቱን ነው። ስንጀምር ነገሩ አጭር መስሎን ነበር፤ ገብተን ስናየው ግን አንድ ያላሰብነው ጥያቄ እግራችንን ያዘን። እርሱንም ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አራት ኪሎ ላይ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት የሚመሩት በዶክተር ሉሲየን ማት የሚታዘዙ የካናዳ ኢየሱሳውያን ነበሩ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው ጥቂት፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ ተለቅሞ የመጣ፣ አብዛኛው አዳሪ። እንግዲህ በዚያ ጠባብ ግቢ ውስጥ ነው የኤትኖሎጂ ማኅበር የሚባለው የተቋቋመው። ሥራው ሲሰሙት ቀላል ነው፤ ተማሪው የራሱን አገር ወግ እየመረመረ ይጽፋል፣ ጽሑፉም በማኅበሩ ቡሌቲን ይወጣል። ዕድር እንዴት ይቋቋማል? ዕቁብ በምን ሕግ ይሄዳል? ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ዛር ምን ሥርዓት አላቸው? እነዚህን የመሰሉ ነገሮች ነበሩ ርእሶቹ። ቡሌቲኑ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ውስጥ ሲወጣ ቆይቶ ኮሌጁ ወደ ዩኒቨርሲቲነት ሲያልፍ ቆመ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን እንደገና ታትሟል።

ይህን ሥራ አንዳንዶቻችን «የፈረንጅ ትእዛዝ» ብለን እናጣጥለዋለን። ለዚህም ምክንያት አለን። በዚያ ዘመን አገርን መመርመር የውጭ ሰው ሥራ ነበር፤ እኛ ተመርማሪዎች ነን፤ እነርሱ መርማሪዎች። ተማሪውም የተማረው ከእነርሱ ነው። ጉድለቱም አይካድም፤ «የአገሬው ልማድ ይህ ነው» ይባልና የየትኛው መንደር፣ ማን እንደነገረው ሳይገለጽ የሚታለፍበት ጊዜ አለ። ሆኖም እስቲ ነገሩን አስቡት። አንድ የሃያ ዓመት ልጅ ለክረምት ዕረፍት ወደ ቤቱ ይገባል። ሌላ ጊዜ ቢሆን በልቶ ጠጥቶ ይመለስ ነበር። አሁን ግን ማስታወሻ ደብተር ይዟል። አክስቱን «ለምንድነው ሙሽራዋን እንዲህ የምታደርጓት?» ይላታል። አክስቲቱም ትስቃለች፤ «ምን ነካህ ልጄ፣ አታውቅም እንዴ?» ትለዋለች። ያውቃል፤ ግን ማወቁን አያውቀውም ነበር። በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆኖ መጠየቅ የጀመረ ሰው ከፈረንጁ የተለየ ነገር ይዞ ነው የሚመለስ። እኛ በበኩላችን ይህን ጅምር ከሰልፉ አናሳንሰውም።

አሁን ወደ ግጥሙ እንምጣ። የኮሌጅ ቀን በዓል በየዓመቱ ይከበር ነበር፤ በዕለቱም የግጥም ውድድር አለ። መጀመሪያ ነገሩ የበዓል ማድመቂያ ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ግን የክብር ዘበኛው መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረ፣ ተማሪውም ደግፎ ሰልፍ ወጣ፣ ሙከራውም ከሸፈ። በዚያው ዓመት የታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» በኮሌጅ ቀን ተነበበ። ርእሱን ብቻ ልብ በሉ። የሚናገረው ገጣሚው አይደለም፣ ደሃው ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ እነዮሐንስ አድማሱ ገቡበት፤ ዮሐንስ በኋላ በሥነ ጽሑፍ ሐያሲነቱ የምናውቀው ሰው ነው። ግጥሞቹ እየመረሩ ሄዱ፣ ባለሥልጣኖቹም ተቆጡ፣ ተማሪዎችም ታገዱ። ግጥም ጽፎ መታገድ! ዛሬ ለግጥም የሚያስታግድ ክብር የሚሰጠው ያለ አይመስለንም።

እገዳውም ዝም አላሰኘም። በ1950ዎቹ ማለቂያ ላይ የኢብሳ ጉተማ «ኢትዮጵያዊው ማነው?» ወጣ። ገሞራው በሚል ስም የሚታወቀው የኃይሉ ገብረ ዮሐንስ «በረከተ መርገም»ም የዚያው ጊዜ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ርእስ ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው ምርቃትንና እርግማንን ባንድ አፍ ያጋጠመ፣ የቅኔ ቤት ሽታ ያለው። ሁለቱም ከዩኒቨርሲቲው አጥር ዘለው ወጡ፤ በእጅ እየተገለበጡ፣ በቃል እየተጠኑ።

እግራችንን የያዘን ጥያቄ እንግዲህ ይኼ ነው። ጥናቱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ግጥሙ በአማርኛ። ያው ልጅ ስለ አክስቱ ሠርግ ሲጽፍ አክስቱ በማታነበው ቋንቋ ይጽፋል፤ ስለ ደሃው ሲገጥም ግን ቢያንስ የአራት ኪሎው ሊስትሮ ቢሰማው ይገባዋል። ለምን እንዲህ ሆነ? ጥናቱን የሚያርመው መምህር ፈረንጅ ስለሆነ ነው ብንል ግማሽ መልስ ነው። መምህሩ ኢትዮጵያዊ ሲሆንም አልተለወጠማ! ደግሞስ ፖለቲካውም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው፣ እስከ ዛሬ የሚያከራክረን ጽሑፍ፣ «ስትራግል» በተባለው የተማሪዎች መጽሔት ላይ የወጣው በእንግሊዝኛ ነበር። የአማርኛን የበላይነት የሚነቅፍ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ፤ ኢትዮጵያዊው ማነው ብሎ የሚጠይቅ ግጥም በአማርኛ። በዚህ ላይ ብዙ ተከራከርን። ከመካከላችን በቤቱ ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛ፣ ትግርኛ የሚናገር አለና «አማርኛውስ ለኔ እናት አክስቴ ምንዋ ነው?» የሚል ተነሣ። እውነቱን ነው። ስለዚህ «ጥናቱን ወደ አማርኛ ብንመልሰው ነገሩ ያልቃል» ብለን የጀመርነውን አንቀጽ ሰርዘነዋል።

በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተመረቀ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በሪቻርድ ፓንክረስት መሪነት እዚያው ተከፈተ፤ ተማሪው ከጃንሆይ መኝታ ቤት ብዙ ሳይርቅ መጽሐፍ ያነብ ጀመር። በፈጠራ ጥበባት ማዕከሉም ቴአትርና ሙዚቃ ነበር። ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ ክራሩን፣ በገናውን፣ ማሲንቆውንና ዋሽንቱን አንድ ላይ አስቀምጦ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ያቋቋመው በዚያን ሰሞን ነው። ሌሎቹም ሥራ ፈተው አልተቀመጡም፤ የጎንደር ጤና ኮሌጅ ልጆች በየገጠሩ ውኃና መጸዳጃ ይመረምራሉ፣ የዓለማያዎቹ በማሳ ውስጥ ናቸው። ስለ እነርሱ የሚያውቅ ይጻፍልን፤ እኛ የሰው ሳይንስ ልጆች ነንና ወደምናውቀው እንመለስ።

በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለው ተጀመረ። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ ያገለግላል፤ አብዛኛው ያስተምራል። ሲታወጅ ብዙ ተማሪ ተቃውሞት ነበር፤ «ሊበትኑን ነው» የሚል ጥርጣሬ ነበረ። ቢሆንም ያ ዓመት ለጥናቱ የሰጠውን ሌላ ነገር አልሰጠውም ባይ ነን። ከከተማ ወጥቶ የማያውቀው ልጅ ጭሰኛና ባለርስት ሲካሰሱ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ አየ። ተመልሶ ለምረቃ የሚያቀርበውን ጽሑፍ ሲያስብ ርእሱን ከመጽሐፍ መፈለግ አላስፈለገውም።

የምረቃ ጽሑፍ ስንል ዛሬ ፊታችንን እናጨማድዳለን፤ ከግቢው በር ፊት ለፊት «ሪሰርች እንሠራለን» የሚል ማስታወቂያ የተለጠፈበት ዘመን ላይ ነንና። በታሪክ ክፍል ግን ይህ ጽሑፍ ሌላ ክብደት ነበረው፣ አሁንም ያለው አለ። ልጁ የሚመርጠው ብዙ ጊዜ የተወለደበትን አውራጃ ነው፤ አንድ ከተማ እንዴት እንደተቆረቆረ፣ አንድ ባላባት እንዴት እንደገባ፣ ጣልያን ሲመጣ ማን እንደ ሸፈተ። የተጻፈ ነገር የለምና ሽማግሌ ይጠይቃል። በመጨረሻው ገጽ ደግሞ የተጠየቁት ሰዎች ዝርዝር ይገባል፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ቦታ፣ የተጠየቁበት ቀን። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተሙት የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ የተማሪ ጽሑፎችን በምንጭነት ይጠቅሳል። መላው አገር የሚያነበው መጽሐፍ ከሥሩ ሲታይ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅና የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ዛፍ ሥር የተጨዋወቱት አለበት ማለት ነው።

በ1967 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ ተማሪው በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ወጣ፤ ግቢውም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉም ቤት ያውቀዋል። እኛ የምናነሣው አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ነው፤ ያልተጠናቀቀ ጽሑፍ በቀይ ሽብር ጊዜ ስንት እንደሆነ የቆጠረ የለም። ሰውን ቆጥሮ ያልጨረሰ አገር ወረቀት ይቁጠር ማለት ላይሆን ይችላል። ግን ወረቀቱም የሰው ድምፅ ነው። በ1971 ዓ.ም. የታሪክ ክፍሉ ሁለተኛ ዲግሪ ሲጀምር ከተረፉት ነው የቀጠለው።

ዛሬ የማስተርስና የዶክትሬት ሥራዎች በኮምፒውተር ይፈለጋሉ፤ የመጀመሪያ ዲግሪው ጽሑፍ ግን በአመዛኙ አሁንም በወረቀት ነው ያለው። አንዲት ጓደኛችን የአያቷ ወንድም የተጠየቁበትን አንድ ጽሑፍ ፍለጋ ወደ አንድ የመጻሕፍት ክፍል ሄዳ ነበር። ካርዱ አለ። ወረቀቱ የለም። ዘበኛው አዛውንት አዘኑላት፤ «ልጄ፣ ጣራው ሲያፈስ የረጠበውን ከዚያ ጥግ ከምረነዋል፤ ከደፈርሽ ግቢና ፈልጊ» አሏት። ደፈረች። ሁለት ቀን ፈለገች። በሁለተኛው ቀን ማምሻ ላይ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ የጻፈው ልጅ ስም የሌለበት፣ በታይፕ የተመታ ጽሑፍ አገኘች፤ የመጨረሻው ገጽ አልረጠበም። በአሥራ አንደኛው ተራ ቁጥር ላይ የአያቷ ወንድም ስም፣ «ዕድሜ 78፣ ገበሬ» ይላል። የነገሩት ቃል በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። ለአያቷ እየተረጐመች ልታነብላቸው ወስዳ እንደሆን ጠየቅናት።

«ፎቶውን ወሰድኩ» አለችን፤ «ወረቀቱን መልሼ እዚያው ጥግ፣ ግን ከላይ አስቀመጥኩት።»