«ነርቭ ይዞኛል»
«እግሬን ነርቭ ይዞኛል» ሲባል ጆሮዬ ይቆማል። ነርቭ ከአንጎልና ከሕብለ ሰረሰር ወጥቶ መልእክት የሚያመላልስ የአካላችን ክፍል እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። ሥሩ የግሪኩ «ኔውሮን» ዘመድ ነው፤ ያ ቃል በጥንቱ አነጋገር ጅማትንም ይጠራ ነበር። ሁለቱን በመለየት ስሙ የሚነሣው ከክርስቶስ ልደት በፊት በእስክንድርያ የሠራው ሐኪም ሄሮፊሎስ ነው። ዛሬ ነርቭን «ጅማት» ብለን ከተረጎምን የተለየውን መልሰን እናደባልቃለን፤ ጅማት ጡንቻን ከአጥንት ያያይዛል፣ ስሜት ግን አያደርስም። ስለዚህ «ነርቭ» እንደተለመደው ይቀመጥ፤ ሕመሙን ግን እንለየው። የአከርካሪ ዲስክ ተንሸራቶ ከወገብ እስከ እግር የሚወርደውን ሕመም «የነርቭ መጫን»፣ የስኳር በሽታ እግር የሚያደነዝዝበትን «የነርቭ ጉዳት» ብንለው እመርጣለሁ። «ነርቭ ነው» ብቻ ተብሎ የተሸኘ የስኳር ሕመምተኛ፣ እግሩ ደንዝዞ የቆሰለውን ላያውቅ ይችላል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።