ሰባት ትውልድና ጉዲፈቻ በኪራሙ

በምሥራቅ ወለጋ በምትገኘው በኪራሙ ኦሮሞና አማራ ተጎራብተው ይኖራሉ። ሁለቱም በልማዳቸው ከጋብቻ በፊት ሰባት ትውልድ ይቈጥራሉ፤ አቈጣጠራቸው ግን ይለያያል። የሜጫ ኦሮሞ የጎሣውን ሐረግ በአባት ወገን ሲያወርድ፥ አማራው በአባትም በእናትም እስከ ሰባት ቤት ይመረምራል።

የዘር ውርስ ትምህርት ለዚህ ልማድ ምክንያት ይሰጠዋል። ግሬጎር ሜንዴል እ.ኤ.አ. በ1866 ባሳተመው ጥናት መሠረት የጣለለት ይህ ትምህርት፥ ልጅ ከአባቱና ከእናቱ እኩል እንደሚወርስ ያስረዳል። ሕመም የሚያመጣ ስውር ዘረመል ከአንድ ወገን ብቻ ሲወረስ ሳይገለጥ ይኖራል፤ ዘመዳሞች ሲጋቡ ግን ከአንድ ቅድመ አያት የወረደው በሁለት መንገድ መጥቶ በአንድ ልጅ ላይ ሊገናኝ ይችላል። ቈጠራው ይህን አደጋ ይቀንሳል።

ነገር ግን ማንኛውም ሰው በሰባተኛው ትውልድ 128 የወላጆች ስፍራ አለው፤ በአባት ሐረግ የሚጠራው አንዱ ብቻ ነው። ከዚህም በላይ በጉዲፈቻ የገባ ልጅ ዘረመሉን ከወለዱት፥ ጎሣውን ካሳደጉት ያገኛል፤ ልጆቹም በአሳዳጊው ስም ይቈጠራሉ። ይህ የኦሮምኛ ቃል በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ ውስጥም ሰፍሮ ይገኛል።

እንግዲህ የትውልድ ሐረግ የደም መዝገብ ብቻ አይደለም፤ ማን ማንን እንደ ልጁ እንደ ተቀበለም ይመሰክራል። ጎረቤትን በዘሩ ለመለየት የሚቸኩል ሰው አስቀድሞ የራሱን 127 ያልተጠሩ ወላጆች ሊያስብ ይገባዋል።